ለባንኩ የተነበበ የሕይወት ታሪክ

ልጄ የምትሠራበት የአሜሪካ ባንክ የወደቀ ሰሞን ቶሮንቶ ውስጥ ሪጀንት ፓርክ የሚባል ሰፈር እንኖር ነበር። ፊት ለፊታችን ያለውን አሮጌ ሕንፃ እያፈረሱት ስለነበር መስኮቱን ብወለውለው ብወለውለው አቧራ ነው። ልጄ እዚሁ ቶሮንቶ ባለው ቅርንጫፍ ስምንት ዓመት ሠርታለች። አንድ ቀን የቢሮ ዕቃዋን በካርቶን ታቅፋ በከተማው ባቡር፣ በስትሪትካር መጣች፤ አልጋዋ ላይ ወጣች፤ በዚያው ቀረች። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ምግብ ሳቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ "ቆይ እማዬ" ትላለች።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት እዚህ አገር፣ በስተርጅና፣ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ነው። ስለ ባንክ ምን አውቃለሁ? ኀዘን ግን አውቃለሁ። ባሌን ስቀብር የሕይወት ታሪኩ እስኪነበብ ድረስ የሞተ አልመሰለኝም። የት ተወለደ፣ ምን ሠራ፣ ማንን ትቶ ሄደ ሲባል ነው እንባዬ የመጣው። የዚያን ዕለት የለበስኩት ነጠላ እንኳ የማን እንደነበረ እንጃ፤ የጎረቤት መሰለኝ።

ወረቀትና እስክሪብቶ አልጋዋ ላይ አስቀመጥኩላት።

"ምንድነው ይሄ?"

"የባንክሽን የሕይወት ታሪክ ጻፊ።"

"እማዬ፣ ሲሪየስሊ?"

"ታዲያ ሳይነበብለት ሊቀበር ነው እንዴ?"

ሳቀች። ከሰዓት በኋላ እስክሪብቶው ሲጫጭር ሰማሁ።

በማግስቱ ጎረቤቴ ሾርባ ይዛ መጣች። ልጄ ብርድ ልብሷን እንደተከናነበች አነበበችልን። ባንኩ የተወለደው ወደብ ዳር፣ ከአንድ የቆዳ ነጋዴ ሱቅ ጓዳ ነው። አድጎ ፋብሪካ የሚያቋቁሙ ሰዎችን ገንዘብ ካለው ሰው ጋር ያገናኝ ነበር። ሁለቱንም የዓለም ጦርነት አለፈ። በስተመጨረሻ ግን ተበድሮ፣ ሰዎች ሊከፍሉት የማይችሉትን የቤት ዕዳ ወለድ አገኝበታለሁ ብሎ ገዛ። ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር ባንኩን የሚያምነው ጠፋ።

"ስንት ዓመቱ ነበር?" አለች ጎረቤቴ።

"መቶ አልፎታል።"

"ውይ፣ ዕድሜ ጠግቦ ነዋ!"

"በሽታውን ደብቆ ነው የሞተው፣ እትዬ" አለች ልጄ። "እኔም ለሚደውል ደንበኛ ሁሉ 'ደህና ነው፣ አትስጉ' እል ነበር። ሳላውቅ።"

ዘጠኝ ቀን ያስተኛት ይሄ ነበር ለካ።

"ማንን ትቶ ሄደ የሚለውስ?" አልኳት ቀስ ብዬ።

ወረቀቱን ገለበጠችው። አልጻፈችውም።

"እኔን" አለችና አለቀሰች። ጎረቤቴ ደረቷ ላይ አስጠግታ "አይዞሽ የኔ ልጅ" ስትላት እኔ የልጄን እግር ያዝኩ። እስኪወጣላት ጠበቅናት።

ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር። ላሞቀው ስነሳ፣ "ተይው እማዬ፣ እኔ አሞቀዋለሁ" ብላ ከአልጋዋ ወረደች።