አማቴ የተቀመጡበት ባዶ ወንበር

ሰው ሁሉ የስደቱን ወሬ «ሌሊት ነበር» ብሎ ይጀምራል። እኛ የወጣነው በጠራራ ፀሐይ፣ በጀልባ፣ ነጠላችንን አጣፍተን ነው! በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ ነበርሁ። ቀበሌ ለሦስተኛ ጊዜ «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ሲለኝ፣ ከዚህ በኋላ መመለስ እንደሌለ ገባኝ። ባለቤቴን ውባለምን «ለጥር ሥላሴ ንግሥ ደቅ ደሴት ሄደን እንሳለም» አልኋት። ጀልባዋ ደቅ ደረሰች፤ ሰው ሁሉ ወረደ፤ እኔ እጇን ይዤ አላስወርድ አልኋት። እውነቱን የነገርኋት ጎርጎራ ስንደርስ ነው። ከዚያ መተማ፣ ከዚያ ሱዳን፣ በመጨረሻ ስዊድን።

እናቷን፣ እማማ ጥሩነሽን፣ አልተሰናበተቻቸውም። ምን ላድርግ! እማማ ምስጢር ይዘው ከማደር ጣናን ጠጥቶ መጨረስ ይቀላቸዋል። ውባለም ግን ይህን ቀልድ አልወደደችልኝም። ሱዳን ላይ ያኮረፈች ስዊድን ድረስ ኩርፊያዋን ይዛ ገባች። «ብላ»፣ «በሩን ዝጋ»፤ ከዚህ ሌላ ቃል የለም።

አገሩስ ቢሆን ምን አገር ነው! ዓሣን በስኳር ዘፍዝፎ የሚበላ ሕዝብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የጣናን ቆሮሶ ዓሣ በበርበሬ እየበላ ላደገ ሰው ይህ ቅጣት ነው። ፀሐይዋም ትወጣለች እንጂ አታሞቅም። አንድ ቀን አከራያችን በር አንኳኩተው፣ «እንደ እናንተ ያለ ጨዋ ተከራይ አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ድምፅ የሚባል የለም!» አሉኝ። አመስግኜ በሩን ዘጋሁና አለቀስሁ።

በመጨረሻ ውባለም ሶሻል ቢሮ ሄዳ «ብቻዬን የምኖርበት ቤት ስጡኝ» ብላ አመለከተች። ለመለያየት ከመቸኮላችሁ በፊት ብለው ቴራፒ ወደሚሉት የባልና ሚስት ምክር ላኩን።

ወገኖቼ፣ ቴራፒ ሽምግልና እንዳይመስላችሁ። ሐኪሟ ማርጋሬታ የምትባል ሴት ናት፤ አስተርጓሚያችን ዳዊት ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ። እኔ ነፍስ አባቴ ፊት እንደቀረብሁ ሁሉ ኃጢአቴን ዘረገፍሁና «እንግዲህ ቀኖናዬን ይስጡኝ» አልሁ።

«እዚህ ጥፋተኛ የሚባል ሰው የለም» አለች ማርጋሬታ።

«እንዴት ጥፋተኛ የለም?» ብላ ፈነዳች ውባለም። «ይኸው አጠገቤ ተጎልቶ!»

ማርጋሬታ ደስ አላት፤ ለካ መናደድም መድኃኒት ኖሯል። ባዶ ወንበር ስባ አመጣችና «እናትሽ እዚህ ተቀምጠዋል እንበል። ሆድሽ ውስጥ ያለውን ንገሪያቸው» አለቻት።

እኔ ብድግ አልሁ።

«ምን ሆነ?» አለች ማርጋሬታ ደንግጣ።

«አማቱ ገቡ እኮ!» አላት ዳዊት ሳቁን አፍኖ። «ተቀምጦ ሊቀበላቸው ነው?»

ውባለም ወንበሩን አየችው። «እማዬ፣ ሳልስምሽ ወጣሁ» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አላስቻለኝም። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ወፍራም መዝገበ ቃላት አንስቼ ማጅራቴ ላይ ጫንሁና ወንበሩ ሥር ተደፋሁ። «ይማሩኝ፣ እማማ!»

«ይህ ምንድን ነው?» አለች ማርጋሬታ።

«ድንጋይ ነው» አለ ዳዊት። «በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል።»

«መዝገበ ቃላት ነው እኮ!»

«ታዲያ ቢሮሽ ውስጥ ድንጋይ የለማ!»

ማርጋሬታ ውባለምን «አሁን አንቺ ወንበሩ ላይ ተቀመጪና በእናትሽ ቦታ ሆነሽ መልሺለት» አለቻት። ውባለም እምቢኝ አለች። «በእናቴ አፍ የምናገር እኔ ማን ነኝ? ምሕረት ከፈለገ ከራሷ ይለምን!»

ሁለት ዓመት ሙሉ ደውለን አናውቅም ነበር፤ መስመሩን ማን እንደሚያዳምጠው አይታወቅም፣ ለእማማ ጦስ እንዳንሆንባቸው ፈርተን። አሁን ግን በዘመድ አስነግረን፣ እማማ ስልክ ካለው ጎረቤት ቤት ጠበቁንና እሑድ ቀን ደወልሁ። ውባለም ፈንጠር ብላ ቆመች።

«እማማ፣ እኔ ነኝ። በድያለሁ፤ ይማሩኝ» አልሁ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ ሳያንገራግሩ። «እኔስ ትቼዋለሁ። ልጄን መቼ ነው የምታመጣልኝ?»

«ለፋሲካ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እማማን ደህና አድርጎ የሚያስተኛ ውሸት። ውባለም አፌን አፌን ታየኛለች።

«አላውቅም፣ እማማ» አልሁ። «ጭራሽ መምጣታችንንም አላውቅ።»

ውባለም መጥታ ጆሮዋን ከጆሮዬ አጠገብ ስልኩ ላይ ለጠፈች፤ እማማ ሲያለቅሱ አብረን ሰማናቸው።