አባዬ የሳቀበት ካርቱን

ጣሪያችን ላይ ቁራ ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር አባዬ በካርቱን ሲስቅ ትዝ ይለኛል።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። እናቴ ለሥራ አረብ አገር የሄደችው በበጋ ነው፤ እሑድ እሑድ ትደውል ነበር፣ ሰኔ ሲገባ ግን ድምፅዋ ጠፋ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች «ይቺ ሴት የቁራ መልእክተኛ ሆና ቀረች» እያሉ በነገር ይወጓት ነበር፤ ሐምሌ ላይ ግን ድንገት ቀልዱን ተዉትና ባዩኝ ቁጥር ዳቦ ያስይዙኝ ጀመር። ዳቦው ስለጣመኝ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

በዚያ ክረምት ትምህርት ቤቱ ዝግ፣ ዝናቡም ደጅ የማያስወጣ ስለነበር ቴሌቪዥን ላይ ተጥጄ እውል ነበር። እንግሊዝኛ ስለማላውቅ አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ ይተረጉምልኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሚስቱ የሞተችበት ሰውዬ ካርቱን መጣ። አፍንጫው ረጅም፣ እንባው እንደ ቧንቧ የሚፈስ፣ ሲናፈጥ መጻሕፍቱ ከመደርደሪያ የሚረግፉ መሳቂያ ነበር። ቁራ በመስኮት ገብቶ አናቱ ላይ ተቀመጠ፤ ሰውዬው ተንበርክኮ አንድ ነገር ጠየቀው፣ ቁራውም በአንድ ቃል መለሰለት።

«አባዬ፣ ምን አለው?»

«ሚስቴ ትመለሳለች ወይ ብሎ ጠየቀው።»

«ቁራውስ?»

«ትመለሳለች አለው» አለና መሳቅ ጀመረ። ሆዱን ይዞ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ ሳቀ፤ እኔም እንዲህ ሲስቅ አይቼው ስለማላውቅ ደስ ብሎኝ አብሬው ሳቅሁ።

እንቁጣጣሽ እንዳለፈ፣ አንድ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ የእድር ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። የእናቴ እናት ከገጠር መጥተው መርዶው ሳይነገራቸው እንዳይለቀስ ተወስኖ ነበርና፣ አባዬ የሚስቱን ሞት ሐምሌ ላይ ሰምቶ ክረምቱን ሙሉ ማልቀስ አልተፈቀደለትም ነበር። ያን ጠዋት ቤቱ በዋይታ ሲሞላ እሱ ዓይኑ ደርቆ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ሴቶቹም «አንጀቱ ድንጋይ ነው» ብለው አሙት። እኔም እንግሊዝኛ ተምሬ የቁራው ቃል «ከቶ አትመለስም» ማለት እንደነበር እስክረዳ ድረስ ለብዙ ዓመት አምኛቸው ኖርኩ።

ዛሬ እዚያው ልደታ ልጅ አሳድጋለሁ። ልጄ አስተርጓሚ አይፈልግም፤ ባለፈው ዓመት አባዬ ሲሞት ወሬውን ስልክ ላይ አንብቦ የነገረኝ እሱ ነው። ሽማግሌ አልመጣም፣ ጎህም አልተጠበቀም። አባዬ ሐዘኑን ለብቻው ውጦ እናቴን አንድ ክረምት አቆየልኝ፤ እኔ ግን አያቱን ለልጄ አንዲት ሰዓት እንኳ ላቆይለት አልቻልኩም።