ደረጃው ላይ የጣልነው ዕጣ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄን ሽራን ኢየሩሳሌም፣ ፒስጋት ዘኤቭ ሰፈር ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ፈዝዛ አገኘኋት። በቅርቡ ልትዳር ነው። ከእጮኛዋ ጋር አንድ የሚከራይ ቤት አይተው ወደውት ነበር። ደላላው ግን ደውሎ፣ «ሌሎች ባልና ሚስት ከእናንተ የበለጠ ሰጥተዋል፤ እስኪመሽ ካልጨመራችሁ ለእነሱ ነው» አላት።

«ልትጨምሪ ነው?» አልኳት።

«ምን ላድርግ ሳፍታ?» አለች። ልጆቹ አያታቸውን የሚጠሩት እንዲህ ነው፤ በዕብራይስጥ።

ውስጥ ሬዲዮው የአክሲዮን ገበያው ሰማይ ነካ እያለ ያወራል። እኔ የማውቀው ቲማቲም መወደዱን፣ ኪራይ መወደዱን፣ ሰዉም አደባባይ ወጥቶ «መኖር አቃተን» እያለ መጮሁን ነው። ያ ሰማይ የነካው ነገር ለማን እንደሚዘንብ አላየሁም።

ደመናው ዝቅ ብሎ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች በረንዳው ላይ ወደቁ። የረጠበ ድንጋይ ሽታ ሲመጣ ልቤ ወደ ሌላ ቀን ሄደ።

ከጎንደር ከመጣን ሁለተኛው ክረምታችን ነበር። እዚህ አገር ዝናቡ የሚመጣው በብርድ ወራት ነው፤ እናቴ ይህን እስክትሞት ድረስ አልተቀበለችውም። «ዝናብና ብርድ? ማን አጋባቸው?» ትል ነበር። የምንኖረው ቃታሞኒም በሚባል ሰፈር፣ አጎቴ ቤት፣ ኩሽና ውስጥ ፍራሽ አንጥፈን ነው። የአጎቴ ሚስት ክፉ አልነበረችም። ግን ጠዋት ፍራሹን ስናነሳ በረጅሙ ትተነፍስ ነበር፤ እናቴም በዚያች ትንፋሽ ከሳች። እኔ ወለል እየወለወልኩ አገኝ በነበረው ደመወዝ የራሷን በር እንድትዘጋ ላደርጋት ቆረጥኩ።

ኢትዮጵያ መንገድ ላይ ርካሽ ክፍል እንዳለ ሰማን። «በአገራችን ስም የተጠራ መንገድ ቤት አይነፍገንም» ብላ እናቴ ነጠላዋን አጣፋች።

ያን መንገድ ዛሬም በሕልሜ አየዋለሁ። ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ ከፍ ያለ የድንጋይ ግንብ፣ ከግንቡ በላይ ጥዶች ዝናብ ያንጠባጥባሉ። በአንዱ በር በኩል የኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት በጉም ውስጥ ይታያል። ከሆነ ግቢ የሎሚ ቅጠል ይሸታል። ድምፃችን እንኳ እዚያ ሲደርስ ቀስ አለ፤ የምንራመድ ሳይሆን የምንንሳፈፍ መሰለኝ።

የተባለው ቤት ስንደርስ ሰዎች ደረጃው ላይ አቀርቅረው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሌላውን አያይም። እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» አለች።

«እምዬ፣ ለቅሶ አይደለም! ቤት ሊከራዩ ነው።»

«ታዲያ ፊታቸው ምን ሆኖ ነው?»

የቤቱ ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ አንዱን ወደ ውስጥ ይጠራል፤ የገባው ሁሉ ፊቱ ተለዋውጦ ይወጣና «ጠብቅ» ተብሎ ደረጃው ላይ ይቀመጣል። እናቴ ከነጠላዋ ጫፍ የሽምብራ ቆሎ ፈታች። «ሳይቀማመሱ አብሮ መቀመጥ ነውር ነው» ብላ ለሁሉም በእፍኝ አደለች። ቆሎ አፍ ያስከፍታል። አንድ መነጽር ያደረገ ተማሪ እያኘከ፣ «ከእኔ በፊት የገባችው ሴት ብዙ ጨምራለች አለኝ፤ እኔም ጨመርኩ» አለ።

ከሩሲያ የመጣች ልብስ ሰፊ ብድግ አለች። «እኔ? እኔ እንዲቀንስልኝ ነው የለመንኩት!»

አንድ ጥሩ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ማኘኩን አቆመ። ለእሱም ተማሪው እጥፍ ሰጠ ተብሎ ተነግሮት ነበር።

ደሜ ፈላ። በተሰባበረው ዕብራይስጤ፣ «ሽማግሌው እኛኑ በእኛ ላይ እየነዳን ነው! በቃ፣ ማንም ከመጀመሪያው ዋጋ በላይ አይጨምር» አልኩ።

«ካልጨመርን ቤቱ የማን ይሆናል?» አለ ባለ ካፖርቱ።

ለእናቴ ተረጎምኩላት። «ዕጣ ነዋ!» አለች፣ እንዴት ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብላ። «ወንድማማች ርስት የሚካፈለው በምንድን ነው?»

ሁሉም የየራሱን አንዳች ነገር እናቴ መዳፍ ላይ አኖረ፤ ቁልፍ፣ አዝራር፣ ማበጠሪያ፣ እርሳስ። የእኛ አንዲት ሽምብራ ነበረች። እናቴ በነጠላዋ ሸፍና አወዛወዘችው። በዚያው ቅጽበት ዳቦ የያዙ መነኩሲት በበሩ ሲያልፉ አየች።

«እማሆይ! የማንን ዕቃ እንደሚያወጡ የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ዕጣ ያውጡልን።»

«ዕጣ ለምን?»

«ለጣራ።»

«ለጣራስ ይሁን» አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ሰደዱ። ያወጡት አዝራር ነው። የባለ ካፖርቱ።

ከሁላችንም የተሻለ ኪስ ያለው እሱ ነበር! ልቃወም አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ሁላችንም አብረን ገባን። ባለ ካፖርቱ የመጀመሪያውን ዋጋ ተናገረ። ሽማግሌው፣ «ሌላ ሰው ከዚህ በላይ ይሰጠኛል» አለ።

«የትኛው ሌላ?» አልኩት። «ሁላችንም እዚሁ ነን።»

ሽማግሌው እያንዳንዳችንን ተራ በተራ ተመለከተን። ከዚያ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

ስንመለስ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። እኔ ግን እንባዬ ይወርዳል። «ቤቱን በራሳችን እጅ ለሀብታም ሰጠነው!»

እናቴም አዝና ነበር። «የኔ ልጅ» አለች፣ «ለእኛ ቢወጣ ኖሮ ያ ሰውዬ ዕጣውን እንዲቀበል ትፈልጊ አልነበር?» ያን ክረምት በሙሉ ኩሽና ውስጥ ተኛን፤ ያቺን ትንፋሽም ጠዋት ጠዋት ሰማን። ፍትሕ በነፃ አይገኝም፤ ይህን ከፍዬ ተማርኩ።

ይህን ለሽራ ነገርኳት።

«ታዲያ ቤቱን አጣችሁት እኮ፣ ሳፍታ።»

«አጣነው። አልተታለልንም። በይ አሁን ደውዪና የእነዚያን ባልና ሚስት ስልክ ጠይቂው። እኔው አነጋግራቸዋለሁ።»

«እንደዚህ አይደረግም!»

«ደውዪ ብያለሁ።»

ደወለች፤ ጠየቀች። ደላላው ስልካቸውን አልሰጣትም፤ «መልሼ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋ።

በረንዳው ላይ ተቀምጠን ጠበቅን፤ የሰፈሩ መብራቶች አንድ በአንድ በሩ። ያኔ ዋጋ የሚጨምርብን ሰው ፊት ነበረው፤ እኛ አየነው፣ እሱም አየን። የዛሬው ዋጋ ከየት እንደሚመጣ እንጃ። እነዚያ ባልና ሚስት በእውነት ይኑሩ አይኑሩም አላውቅም። ካሉ ግን እነሱም ይህን ጊዜ አንድ በረንዳ ላይ ተቀምጠው እንዳንጨምርባቸው እኛን እየፈሩ ነው። ፈልጎ የሚነግርልኝ ባገኝ፣ እንዲያውቁልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ እኛ አልጨመርንም።