ከገጹ የወጣው አንቀጽ

ባለፈው ሳምንት ከጄኔቭ ወደ ዙሪክ በባቡር ስመለስ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰው ጋዜጣውን ዘርግቶ ያነብ ነበር። ትልቁን ርዕስ ሳልፈልግ አነበብኩት። አንድ የስዊስ ኩባንያ አክሲዮኑን በኒው ዮርክ ገበያ ሊያስመዘግብ ነው ይላል፤ ከሥሩ ክራቫት ያሰሩ ሰዎች እየሳቁ ፎቶ ተነሥተዋል። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ዜና ግን እስከ ዛሬ አንብቤ አልጨርስም።

ወደዚህ አገር የመጣሁት በደርግ ጊዜ፣ ለአጭር የጸሐፊነት ትምህርት ነበር። ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ወንድሜ መታሰሩን ሰማሁና ሳልመለስ ቀረሁ። የመጀመሪያውን ክረምት ጄኔቭ አጠገብ፣ ቨርሷ በምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ከአንዲት ዘመዴ ጋር በአንድ ክፍል ተዳብዬ አሳለፍኩ። ቢዝ የሚሉት ነፋስ ከሐይቁ ላይ ተነሥቶ ካፖርት አልፎ አጥንት ይነካል። ፔርሚ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃዴ በየዓመቱ የሚታደስ ነበር፤ የሚታደሰውም ሥራ ሲኖረኝ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ አሳምራ የምትጽፍ ጸሐፊ ዙሪክ ውስጥ እንደምትፈለግ የነገሩኝ፣ ለሚሠሩበት ፋብሪካ አለቆችም ስሜን ያቀረቡልኝ፣ የዘመዴ ወዳጅ ጋሼ መኩሪያ ናቸው።

ጋሼ መኩሪያ አዲስ አበባ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። ዙሪክ ግን ሙቀት የሚከላከል ሰሌዳ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ፣ መቁረጫው ክፍል ይሠሩ ነበር። ማታ ሲወጡ ነጭ ብናኝ ቅንድባቸው ላይ ይቀራል። «ወፍጮ ቤት የዋልኩ አልመስልም?» እያሉ ይስቃሉ፤ ሳቁ ግን ሁልጊዜ በሳል ነበር የሚያልቀው። ባለቤታቸው እትዬ አስካለና ሁለት ልጆቻቸው አዲስ አበባ ቀርተው ነበር።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ኩባንያው አክሲዮኑን በአሜሪካ ገበያ ለመሸጥ ተነሣ። የአሜሪካ ሕግ ጥብቅ ነው አሉ። ከውጭ የመጣ ኩባንያ የሰው ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ጓዳውን መግለጥ፣ ወደፊት ሊያስከስሰው የሚችለውን ነገር ሁሉ ጽፎ ማሳወቅ አለበት። ይህን ፕሮስፔክት የሚሉትን ወፍራም ሰነድ በእንግሊዝኛ በታይፕ የምመታው እኔ ነበርኩ። የማየውን ለማንም እንዳልናገር ፈርሜያለሁ።

ጉም ከተማውን በዋጠበት በአንድ የኅዳር ቀን የሚከተለውን አንቀጽ ጻፍኩ፦ በመቁረጫው ክፍል የአሥራ አንድ ሠራተኞች የደረት ራጅ ሳንባቸው መጎዳቱን አሳይቷል፤ ሠራተኞቹ ገና አልተነገራቸውም፤ ሲያውቁ ኩባንያውን ሊከሱ ይችላሉ። ጣቶቼ ቆሙ። ጋሼ መኩሪያና ጓደኞቻቸው በየዓመቱ ራጅ ይነሣሉ፤ የሚሰጣቸው መልስ ሁሌም «ደህና ናችሁ» ነበር።

እሑድ ሽዋመንዲንገን በሚባለው የዙሪክ ሰፈር ጋሼ መኩሪያ ቤት ሄድኩ። የነቢያት ጾም ገብቶ ነበርና ምስር ወጥ ሠርተዋል፤ በርበሬ አልቆባቸው በፓፕሪካ ነው ያቀሉት። ጠረጴዛው ላይ ከዳቦ ጋር አቀረቡልኝ። ዳቦውን ሳልቆርስ የጻፍኩትን በቃሌ ነገርኳቸው።

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ስሜ አለበት?»

«ስም የለውም። ክፍሉን ብቻ ነው የሚጠቅሰው። ጋሼ፣ ሌላ ሐኪም ይዩ፤ እባክዎ።»

«በዚህ ሳል ሁለት ክረምት አሳልፌ የማላውቀው መሰለሽ?» አሉ ቀስ ብለው። «ስሚኝ ጽጌ። የአስካለና የልጆቹ የመግቢያ ወረቀት የውጭ ዜጎች ፖሊስ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሥራ አለው፣ ጤነኛ ነው የሚል ደብዳቤ ከፋብሪካው እየጠበቁ ነው። ልጄ ዳዊት በሚመጣው ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና ይደርሳል። ከትምህርት ቤቱ ታላላቅ ልጆች መካከል ወደ ሰሜኑ ጦርነት ሄዶ የተመለሰ የለም። ልጄን ሳላወጣ ስለ ደረቴ ማንም እንዲያነሣ አልፈልግም። በማርያም ይዤሻለሁ፣ ዝም በይልኝ።»

ዝም አልኩ።

ከገና በኋላ የቢሮው ኃላፊ ሴትዮ ያንኑ ገጽ ይዛ መጣች። አንቀጹ በቀይ ተሰርዟል። «የፋብሪካው ሐኪም ሐሳቡን ቀይሯል፤ የተረጋገጠ ነገር የለም። ገጹን እንደገና ጻፊው» አለችኝ። ጻፍኩት። በማግሥቱ ሰነዱን ሊመረምሩ ከአሜሪካ ከመጡት ጠበቆች አንዱ፣ ጠቃጠቆ ያለበት ወጣት፣ ደረጃው ላይ አስቆመኝ።

«ይህ ገጽ አዲስ ነው» አለኝ። «ምን ተለውጦ ነው?»

ሰውየው ከልቡ ነበር የሚጠይቀው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ይበቃ ነበር። የእትዬ አስካለ ወረቀት ታየኝ፤ አልዋሽም፣ የራሴም አውስቫይስ፣ ያ በየዓመቱ የሚታደሰው ፈቃድ፣ ታየኝ።

«የፊደል ስህተት ነበረበት» አልኩት። አመስግኖኝ ወረደ።

አክሲዮኑ ኒው ዮርክ ላይ መሸጥ በጀመረበት የጸደይ ቀን ማሽኖቹ ለግማሽ ሰዓት ቆሙ። ለሠራተኛው ሁሉ ቋሊማና ድንች ሰላጣ ቀረበ፤ ድንቹ ላይ ትንንሽ የአሜሪካ ባንዲራ ተሰክቷል። ጋሼ መኩሪያ ዐቢይ ጾም ላይ ስለነበሩ ዳቦ ብቻ ይዘው ጥግ ቆሙ። በዚያው ሳምንት የፋብሪካው ደብዳቤ ወጣላቸው።

እትዬ አስካለና ልጆቹ በሐምሌ መጡ። ጋሼ መኩሪያ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሻንጣ ለማንም አልሰጥም ብለው ሲሄዱ ሁለት ጊዜ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ዳዊት አባቱን እያየ እርምጃውን ቀነሰ። ጋሼ መኩሪያ በተከታዩ ጥር አረፉ። ዙሪክ ውስጥ የእኛ ቄስ ስላልነበረ ከጄኔቭ አንድ አባት በባቡር መጥተው ፍትሐት አደረሱላቸው። ኩባንያው የአበባ ጉንጉን ልኮ ነበር።

እትዬ አስካለ ዛሬ ዜባህ የሚባል የዙሪክ ሰፈር ይኖራሉ። ዳዊት ትራም ይነዳል፤ ሴት ልጁ ግማሹን በጀርመንኛ እየተናገረች «እትዬ ጽጌ» ትለኛለች። ከብዙ ዓመት በኋላ ለእትዬ አስካለ የሆነውን ነገርኳቸው። ረጅም ሰዓት አለቀሱና እጄን ያዙ። «ልጄን አትርፋችሁልኛል» አሉኝ። ምርቃታቸውን አጎንብሼ ተቀበልኩ።

ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። በዚያ አንቀጽ ውስጥ ሌሎች አሥር ሰዎች ነበሩ። ፖርቱጋሎችና ዩጎዝላቮች ናቸው መሰለኝ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ትሪያችንን ይዘን ስንተላለፍ ሰላም እንባባል ነበር። ምናልባት ከእነርሱም መካከል አንዱ ልጁን የሚጠብቅ፣ ምናልባትም በጊዜ አውቆ ያንን ብናኝ ጥሎ የሚሄድ ይኖር ነበር። አላውቅም፤ ማንም አልጠየቃቸውም። ጋሼ መኩሪያ ዝምታን የመረጡት ለራሳቸው ነበር። ለአሥሩ የመረጥኩላቸው ግን እኔ ነኝ፤ የአንዳቸውን ስም እንኳ አላውቅም።