ቆላ የወረደችው ጽጌረዳ

በበጋ ሮቤ ላይ ነፋሱ አቧራ ሲያነሳ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ወጥቶ ደጁን ውሃ ይረጫል። ያ ውሃ የጋለውን አፈር ሲነካ የሚወጣው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ፣ ከዚህ ከብርዱ አገር አንስቶ፣ ከሶፍ ዑመር በታች ወዳለው ቆላ፣ ወደ እናቴ ደጅ ይወስደኛል። ሰው ሽቶ ይወዳል፤ እኔ ይህን እወዳለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ከዚያ ወዲያም ብዙ አልጨመርኩበትም፤ ስለዚህ ነገሩን እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

አባቴ ሁሴን ጎባ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት አትክልተኛ ነበር። እሱ የከረከመው ጽጌረዳ በነጋታው ያብባል ተብሎ ይወራለት ነበር፣ እሱም ወሬውን አያስተባብልም ነበር። በደርግ ጊዜ መሬት ለሌለው ሰው ቆላ ላይ መሬት ይሰጣል ተባለና፣ እናቴን ፋጡማን ሳይጠይቃት ሄዶ ተመዘገበ። እሷ የሰማችው ከጎረቤት ነው። እስከ ጉዞው ቀን ድረስ ከሰላምታ በቀር ቃል አልሰጠችውም። መኪናው ደጅ ቆሞ እቃ ሲጫን ግን፣ አባቴ አራት የጽጌረዳ ቁራጭ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ መጣ።

«ፋጤ፣ ስሚኝ» አላት። «ይህችን እዚያ እተክላታለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ካላበበች አገሩ የሰው አገር አይደለም፣ ወላሂ መልሼ ጎባ አመጣሻለሁ።»

«ከድር ሰምቷል» አለች ወደ እኔ እያየች። «ምስክሬ እሱ ነው።»

የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አዎ፣ ሰምቻለሁ።

ቆላ የደረስነው በኅዳር ነው። አባቴ እንደ ጎባ ተከላት። ጎባ ላይ ሥሩ በዝናብ እንዳይበሰብስ አፈሩን ከፍ አድርገው፣ ፀሐይ የማታጣውን ቦታ መርጠው ነው የሚተክሉት፤ ደገኛ ፀሐይ ሲያይ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል፣ ለተክሉም ያንኑ ይመኛል። እሱም ከቤቱ ፊት ለፊት፣ የዛፍ ጥላ በሌለበት፣ ረዘም ያለ ጉብታ ሠርቶ ሦስቱን ተከለ፣ አራተኛዋን ለመጠባበቂያ በቆርቆሮ ውስጥ አድርጎ ከእንስራው ሥር አስቀመጣት። በሳምንቱ ሦስቱም ማገዶ ሆኑ።

ኦቦ አልይ የሚባሉ፣ ግመል የሚያረቡ የአገሩ ሽማግሌ ጎረቤታችን ነበሩ። መጥተው ጉብታውን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ያ ሁሴን፣ ማን ሞተብህ?»

«ኧረ ማንም አልሞተብኝም፣ ኦቦ አልይ።»

«ታዲያ ይህ መቃብር የማን ነው?»

እናቴ ጎባን ከለቀቅን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሽማግሌው ግን አፊዘውበት አልሄዱም። «እናንተ ደገኞች ፀሐይ ትለምናላችሁ፣ እኛ እንሸሻታለን» አሉት። «ተክልም እንደ እኛ ነው። ከቤትህ ጀርባ ቆፍር፤ ጠዋት ፀሐይ አይቷት ከቀትር በኋላ ጥላ ይግባላት። ውሃው ወደ እሷ ይውረድ እንጂ ከእሷ አይውረድ።»

አባቴ የሰው ምክር በቀላሉ አይውጥም ነበር፤ ያን ዕለት ግን ዋጠ። ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ምስጥ እንዳይበላት አመድ አነጥፎ፣ እንስራው ሲያንጠባጥብላት የቆየችውን አራተኛዋን ወደ ታች አወረዳትና፣ እርጥበቱ እንዳይሸሽ ዙሪያዋን ድንጋይ ደረደረ፣ ፍየል እንዳይደርስባትም የእሾህ አጥር አጠረ። ውሃ ግን ከወይብ ወንዝ በአህያ ነበር የሚመጣው፣ ደርሶ መልሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እናቴም «ለሰው ያልበቃ ውሃ ለእሾህ አልሰጥም» አለች።

ያኔ ነው አባቴ የውዱውን ነገር ያመጣው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሶላት የምንታጠበው ከዚያች ጉድጓድ አፋፍ ላይ ብቻ ሆነ። ከንጋቱ ሱብሂ እስከ ማታው ኢሻ ማንቆርቆሪያውን ይዘን ተራ በተራ እንቀመጥና፣ ከእጃችንና ከእግራችን የሚወርደው ውሃ ወደ እሷ ይወርድ ነበር። እንግዳ እንኳ ሲመጣ አባቴ ክንዱን ይዞ ወደ ጓሮ ይመራው ነበር። ኦቦ አልይ «እዚህ ቤት ሶላት የማያደርስ እንግዳ አይወደድም» እያሉ ይስቁብን ነበር።

አንድ ዓመት እንዲሁ አለፈ፣ ቅጠል አወጣች እንጂ አላበበችም። በሁለተኛው ዓመት የበልጉ ዝናብ እንዳበቃ አባቴን ወባ ጣለውና፣ በእህል መኪና ተጭኖ ጎባ ወዳለው ወንድሙ ሄደ። ከዚያ ደጋው ላይ ክረምት ሲያወርድ ቆላው ይደርቃል፤ ከሩቅ ጥቁሩን ደመና እያየን እኛ አቧራ እንውጥ ነበር። እኔም ሒሳቤን ሠራሁ። ብትደርቅ ጎባ እንገባለን፣ ከአጎቴ ልጆች ጋር እጫወታለሁ። ስለዚህ ውዱ ሳደርግ እግሬን ወደ ውጭ አዙሬ ውሃውን ድንጋዩ ላይ አፈስ ጀመር። እናቴ ብታውቅ ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

«ከድር፣ እግርህን ወዴት ነው የምታጥበው?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ከኋላዬ ቆማ።

«ብትደርቅ እንሄዳለን፣ አይደል እማ?»

ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ወሰደች። «እኔም መሄድ እፈልጋለሁ» አለች። «ከአንተ የበለጠ እፈልጋለሁ። ግን ቢስሚላህ ብለህ በታጠብክበት ውሃ ተንኮል ትሠራለህ? ተክሏስ ምን በደለች?»

ከዚያ ወዲህ እሷ ራሷ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የተረፈውን ታንጠፈጥፍላት፣ ከቀትሩም እንዲከልላት አሮጌ ሰሌን ታንጠለጥልባት ጀመር። እንዲያም ሆኖ ቅጠሏን ሁሉ ጣለች።

በመስከረም መጀመሪያ የእህሉ መኪና መጣ። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ «የሁሴን ሚስት፣ መልእክት አለሽ» አለ። «ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ነው፣ ጽጌረዳዋ ሞታ ከሆነ አትደብቂኝ፣ ቃሌ ቃል ነው፣ እቃሽን ጭነሽ ከልጁ ጋር ነይ ብሏል። ቶሎ በይ፣ እኔም አልቆይም።»

እናቴ ወደ ጓሮ ሄደች፣ እኔም ተከተልኳት። ከእንጨት በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ተንበርክካ በጥፍሯ ልጡን ፋቅ አደረገችው። ከሥሩ አረንጓዴ ነበር። ያየነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ሹፌሩ ከመኪናው አልወረደም፣ አባቴ ጎባ ነው፣ «ሞታለች» ብትል ማንም አይጠይቃትም ነበር። እኔ እጇን ይዤ «እማ፣ በይ፣ በይ» እል ነበር።

ጉልበቷን አራግፋ ተመለሰች። «አልሞተችም በለው።»

«አስቢበት እንጂ፣ እህቴ። እስከሚቀጥለው ወር መኪና የለም።»

«አልሞተችም አልኩህ።»

መኪናው ሄደ። እኔ መሬት ላይ ተንከባልዬ አለቀስኩ። እሷ ፊቷን አዙራ ስለነበር አለቀሰች ወይስ አላለቀሰችም አላውቅም።

ብዙም ሳይቆይ የቆላው ሰው ሃገያ የሚለው የመኸሩ ዝናብ ጣለ። በጥቅምት ማለቂያ፣ የተባለው ቀን ሳይሞላ፣ ሦስት አበባ አበበች፤ ትንንሽ፣ ጫፋቸውን ፀሐይ የለበለባቸው፣ ግን ደም የመሰሉ ቀይ። መንደሩ ሁሉ ሊያይ መጣ። ኦቦ አልይ አፍንጫቸውን አስገብተው አሸተቱና አስነጠሳቸው፤ «ማሻ አላህ! ግመሌ እንዳታያት፣ ሌላ መኖ አልበላም ትለኛለች» አሉ። አባቴም ከስቶ፣ ካፖርት ደርቦ ተመለሰና አበባዋን ሲያይ ደረቱን ነፋ።

«አላልኩሽም ፋጤ? አሸነፍኩ!»

«አንተ ነህ ያሸነፍከው? አንተማ ጎባ ብርድ ልብስ ውስጥ ነበርክ» አለችው። መንደሩ በሳቅ ፈረሰ፣ እሱም አብሮ ሳቀ። እኔ ግን እናቴን ሳይ ኮራሁ፣ አፍሬም ነበር።

ደርግ ሲወድቅ ብዙ ሰፋሪ ወደ ደጋው ተመለሰ። አባቴም ወባው አድክሞት ስለነበር «ፋጤ፣ እንመለስ፣ ምን ትያለሽ?» አላት።

«ስንመጣ አልጠየቅከኝም ነበር» አለችው። «አሁን ግን ጠየቅከኝ። መልሴ አልሄድም ነው።» እሱም ሁለተኛ አላነሳውም። ሁለቱም እዚያው ኖረው እዚያው ተቀበሩ።

እኔ ግን ወደ ደጋው ተመልሼ ዛሬ ሮቤ ነኝ። አጥሬን ጽጌረዳ አልብሶታል፤ ባለባጃጆቹ ሲያልፉ ቀጥፈው መስታወታቸው ላይ ይሰኩታል፣ እኔም አልቆጣም። ከሌላ አገር የመጣ አንድ መምህር በቀደም ቆሞ «አባባ፣ እንዴት ቢንከባከቡት ነው እንዲህ ያማረው?» አለኝ። «ዝናቡ ነው፣ ልጄ፣ እኔ ምንም አላደረግኩም» አልኩት። ትሕትና መስሎት ፈገግ አለ። እውነቴን ነው። ዛሬ በደጄ ያለው መቶ አበባ የማንም ሥራ አይደለም፤ ያኔ የነበሩት ሦስቱ ግን የእናቴ ነበሩ። እኔም የእሷ ልጅ ነኝ።