ትንባሆ የማይሸትበት ቤት

ተከራያችን ሲጋራ ሲለኩስ ሽታው በመስኮት ይገባል። ልጆቹ ይቆጣሉ፤ እኔ ግን መስኮቱን አልዘጋም። ለምን እንደሆነ ላጫውትሽ።

በጣሊያን ጊዜ ቂርቆስ ከእናቴ ጋር ነበር የምኖረው። ከወደ ካዛንቺስ ለጣሊያኖቹ ቤት ይሠራ ስለነበር ቀኑን ሙሉ የድንጋይ ጠራቢዎች ድምፅ ይሰማል፤ ሲመሽ ደግሞ የወታደር ጫማ። ባለቤቴ ከአርበኞቹ ጋር ሳለ ቆስሎ መጥቶ ጓዳችን ውስጥ ተደብቋል። ጎረቤት የሚያውቀው እኔንና እናቴን ብቻ ነው። እናቴ ቆራቢ ናት፤ ትንባሆ የሚያጨስ ሰው ደጃችንን አይረግጥም። ከእንዲህ ያለ ቤት የሲጋራ ሽታ ከወጣ፣ የተደበቀ ወንድ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ከጫካ ይዞት የመጣውን አመል በግድ ተወ። እኔም ጠዋት ጠዋት እጁንና ልብሱን አሸት ነበር።

መተው ስል ቀላል እንዳይመስልሽ። ደህና ውሎ ጫማ ሲሰማ አምሮቱ ይነሳበታል፤ አምሮቱ ሲነሳ ይቆጣል፤ ሲቆጣ ደግሞ አምሮቱ ይብስበታል። ወጡ ጨው በዛበት፣ በሩ ጮኸ፣ ሁሉም ያናድደዋል። እኔም ብስጩ ባል አገባሁ ብዬ በሆዴ አዝን ነበር። እናቴ እጁ ሥራ ይያዝ ብላ እንዝርትና ጥጥ ሰጠችው። «ሴት አደረጋችሁኝ» ብሎ አኮረፈ፤ ኋላ ግን ፈተለ። ክሩ ገመድ ያክል ነበር።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ባንዳ ገባ። ስለ አንድ ጎረቤታችን ሊጠይቅ ነው የመጣው። መደብ ላይ ተቀምጦ ሲጋራ ለኮሰ። ጭሱ በጓዳው መጋረጃ ሥር ሲገባ አየሁ። አሁን ይስላል፣ አሁን ይወጣል እያልኩ ባንዳው ምን እንደጠየቀን እንኳ አልሰማሁም።

ሲሄድ ግማሹን ሲጋራ መሬት ላይ ጥሎት ወጣ። እንደጨሰ አንስቼ ጓዳ ገባሁ። አሁን ቢያጨስ ሽታው የባንዳው ነው እንደሚባል በጆሮው ነገርኩት። ላብ አጥምቆታል። ተቀብሎኝ ወደ ከንፈሩ አስጠጋውና መለሰልኝ።

«አጥፊው» አለኝ። «ዛሬ ፈርቼ ካጨስኩ ነገም ስፈራ ያምረኛል። ነገ ደግሞ ባንዳ አይመጣልኝም።»

ቁስሉ ሲሽር ተመልሶ ጫካ ገባ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ አንድ ጓደኛው ያለ እሱ ብቻውን መጣ። ብርድ ሲጠና ሲጋራ እየተቀባበሉ ሲያጨሱ ባለቤቴ እንቢ ይል እንደነበር አጫወተኝ። ለምን ሲሉት «ስመለስ ሚስቴ ታሸተኛለች» ይላቸው ነበር አለኝ።