ለማዳም ጊዜላ ቤት የተጣለ ድንኳን

እማማ አየለችን የማያውቅ የኮልፌ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ ተከራይ ነው፣ ወይ ዘመድ ሞቶበት አያውቅም። ሙሾ ሲያወርዱ ድንጋይ ያስለቅሳሉ። አንድ ጊዜ ሳንሱሲ ሰፈር አንድ ክፉ ሽማግሌ ሞቶ፣ ሰው ሁሉ በሆዱ «ተገላገልን» እያለ በተቀመጠበት ድንኳን ገብተው፣ በሁለት ስንኝ ጠላቶቹን ሳይቀር አስነፍርቀዋል። ዛሬ ዛሬ ግን ነገሩ ተበላሽቷል። ወጣቱ ስፒከር ተከራይቶ መዝሙር ይለቃል፤ ልጃቸው ቤተልሄም እንኳ «እማዬ፣ ሙሾ እኮ ፋሽኑ አልፎበታል» ትላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ «ሞት ፋሽኑ ሲያልፍበት ያኔ እተዋለሁ» ይሏታል። ምላስማ ሞልቷቸዋል!

አንድ ሕግ ግን አላቸው፤ ያለ ለቅሶ አያለቅሱም። ሰው ደህና በሆነበት ቤት ሙሾ ማውረድ ሞትን በስሙ መጥራት ነው። አንድ ጋዜጠኛ ካሜራ ተሸክሞ መጥቶ «ለናሙና ያህል ትንሽ ያልቅሱልን» ቢላቸው፣ «አንተስ ለናሙና ያህል ትንሽ ሙትልኛ!» ብለው እስከ በር ሸኝተውታል።

ታማር የመጣችው እንግዲህ እኚህ ሴትዮ ቤት ነው።

ታማር የማዳም ጊዜላ የልጅ ልጅ ነች። ማዳም ጊዜላ በጃንሆይ ዘመን ፒያሳ ልብስ ስፌት ቤት የነበራት የሃንጋሪ አይሁድ ስትሆን፣ ናዚዎች ቤተሰቧን በባቡር ጭነው ወስደው ሲፈጁ እሷ ብቻ ተርፋ ነው አዲስ አበባ የገባችው። እማማ አየለች በልጅነታቸው የዚህች ሴት ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ታማር አሁን የቤተሰቧን ወረቀት ትሰበስባለች። ፓስፖርቱን፣ ፎቶውን፣ ከእልቂቱ የተረፉ ሰዎች የሰጡትን ቃል፣ ያገኘችውን ሁሉ እየለቀመች ለትውልድ ለሚያስቀምጥ ተቋም ልታስረክብ ነው። የጠፋባት የሟቾቹ ስም ነው። የነበረው ወረቀት ተቃጥሏል፤ አያቷም ለልጆቿ ስለነሱ አንዲት ቃል ተንፍሳ አታውቅም። አንድ አሮጌ ፎቶ ጀርባ ላይ ብቻ «አየለች ሁሉንም ታውቃቸዋለች» ብላ ጽፋለች።

«እውነቷን ነው፣ አውቃቸዋለሁ» አሉ እማማ አየለች፣ ቤተልሄም እያስተረጎመች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ እናታቸው እዚያ ሰላሌ ሞተውባቸው፣ እማማ በማዳም ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር። ማዳም ገባች። አብራቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠችና በተሰባበረ አማርኛ «የኔም ሞተዋል። ማንም አላለቀሰም። ለኔም አልቅሺልኝ» አለቻቸው። ከዚያ የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ሥራውንና አመሉን ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ለእያንዳንዱ ስንኝ ገጠሙለት። አብዮቱ ፈንድቶ ማዳም አገር ለቃ እስክትሄድ ድረስ በየዓመቱ በር ዘግተው ያለቅሱ ነበር። ለልጆቿ የደበቀችውን ለሠራተኛዋ ለምን እንደነገረች እንጃ፤ አንዳንድ ነገር በሰው ቋንቋ ሳይቀል አይቀርም።

ታማር መቅረጫዋን አወጣች። እማማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ማርተን...» አሉ። ቆሙ። «ማርተን፣ ከዚያ... ቆይ እስቲ...»

ስሞቹ ያለ ዜማ አልመጣ አሉ። ከስንኙ ሲነጠሉ ብን ብለው ይጠፋሉ።

«ታዲያ በዜማው ይበሉልኝ» ስትል ለመነች ታማር።

«እዚህ? ልጄ ደህና፣ ጎረቤቱ ደህና፣ ድመቷ እንኳ ደህና በሆነችበት ቤት? ወዲያ! ሟርተኛ!»

ቤተልሄም ይቺን ስታስተረጉም «ትንሽ ይከብደኛል ትላለች» አለች።

ታማር መቅረጫዋን ወደ ቦርሳዋ መለሰችና ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። እማማ አዩዋት። ሰማንያ ሊደፍኑ ነው፣ ጉሮሯቸውም እየዘጋ አስቸግሯቸዋል። ነገ እሳቸው ቢደፉ እነዚያም ምስኪኖች አብረዋቸው ሁለተኛ ሊሞቱ ነው።

«ተይ፣ አታልቅሺ» አሉ። «ድንኳን ይጣልና ይለቀሳል።»

ድንኳን ደግሞ ያለ እድር፣ እድርም ያለ ዳኛው ያለ መሸሻ አይንቀሳቀስም። መሸሻ አጠና ተራ ጀርባ ቆርቆሮ የሚሸጥ፣ የእድሩን ደንብ እንደ ዳዊት የሚደግም ሰው ነው።

«እማማ፣ ሟች የእድራችን አባል ናቸው?»

«አይደሉም።»

«የአባል ቤተሰብ?»

«አይደሉም።»

«መቼ ነው ያረፉት?»

«የዛሬ ሰማንያ ዓመት።»

መሸሻ መነጽሩን አወለቀ። «እንዴ፣ እማማ! ሞት በሦስት ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል እኮ ደንባችን።»

«አረፈዱ በላቸዋ!»

«ደንብ ደንብ ነው፣ እማማ። አይቆጡኝ።»

እማማ ግን ተቆጡ። መቼም ሲቆጡ አንድዬ ያውጣህ ነው። «አንተ መሸሻ! ዘምቶ የቀረው ወንድምህ መርዶው ስንት ዘመን ቆይቶ ነው የመጣው? ሬሳ ነበረህ? መቃብሩንስ አሳይተውሃል? ያን ቀን ድንኳን ሲጣል ደንብ የጠቀሰብህ ሰው ነበር? ማንስ ነበር ያለቀሰልህ?»

ያለቀሱለት እሳቸው ነበሩ። መሸሻ መነጽሩን በኮቱ ጫፍ ቢጠርግ ቢጠርግ አልጠራ አለው።

«ትልቁ ድንኳን ይውጣ» አለ በመጨረሻ። ግን ሰውየው መሸሻ አይደል? «ነገር ግን በሥርዓቱ ይሁን። ከሁሉ በፊት ሐዘንተኛዋ መርዶ ትነገር» ብሎ ጨመረ።

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። በማግስቱ የእድሩ ሽማግሌዎችና ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጦር ኃይሎች አጠገብ ታማር ወዳረፈችበት ቤርጎ ጎረፉ። ዘበኛው ሲያያቸው ክው አለ፤ «የትኛው ክፍል ነው የሞተው?» ብሎ ከነሱ ቀድሞ ደረጃውን ወጣ። ታማር በፒጃማ፣ በተንጨባረረ ጠጉር በሯን ከፈተች። ያን ሁሉ ያቀረቀረ ሰው ስታይ «እናቴ!» ብላ ጮኸች።

«ኧረ አይደለም፣ እናትሽ ደህና ናት!» አለች ቤተልሄም ደንግጣ።

መሸሻ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጀመረ። «ልጄ፣ ሰው ሆኖ የማይሞት የለም። ሁላችንም በተራችን ነን። እንግዲህ ቻይው... የአያትሽ ወላጆች፣ ወንድሞቿና እህቶቿ አርፈዋል።»

ታማር ግራ ተጋብታ አንዴ እሱን፣ አንዴ ቤተልሄምን አየች። «አውቃለሁ እኮ!»

«አውቃለሁ ትላለች» አለች ቤተልሄም።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። መሸሻ በንዴት ዞረ። «ማን ነው ቀድሞ የነገራት? መርዶ እንዲህ ይነገራል? እናንተ ሰዎች አፋችሁን አትሰበስቡም?»

ቤተልሄም ይህንን ስታስተረጉምላት ታማር በሳቅ ፈነዳች። ሳቋ መሃል ላይ ተበላሸባት፤ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። በቤታቸው ይህን መርዶ በር አንኳኩቶ የነገራቸው ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ሁሉም ዝም ብሎ ሲያውቀው ነው የኖረው። ሴቶቹ አቀፏት። ማን እንደሞተ ያልገባው ዘበኛም አብሮ አለቀሰ።

ድንኳኑ ተጣለ። ታማር ነጠላ ተከናንባ የሐዘንተኛ ቦታ ተቀመጠች። ንፍሮ ሲሰጧት «እኛም አገር ሐዘን ላይ ምስር ይበላል» አለች፤ ሴቶቹ «እንዲያ ነው? እንግዲያ ባዳ አይደለሽማ!» ብለው ጨመሩላት። ድንኳን ያየ መንገደኛ ሁሉ ሳይጠይቅ እየገባ ይቀመጣል። አንዱማ «ማነው ሟች?» ብሎ «ማርተን፣ ሰዓት ሠሪው» ቢሉት፣ «ውይ! በቀደም አስኮ አግኝቼው ነበር እኮ!» ብሎ ራሱን ያዘ።

እማማ አየለች ተነሱ። ወገባቸውን በነጠላ ጠበቅ አድርገው መሃል ገቡ። ታማር መቅረጫዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«የሰው ሁሉ ሰዓት በጅህ እያደረ፣
ማርተን ያንተ ሰዓት በሰው እጅ ቀረ።»

ሴቶቹ ተቀበሉ። ከዚያማ ምን ያቆማቸው! የማዳም እናት ኢሎና መጣች፤ ቫዮሊን እያስጮኸ ሰፈር የሚረብሸው ወንድሟ ላዮሽ መጣ፤ ቀጠሮ አክብራ የማታውቀው እህቷ ዮላን መጣች። ስሞቹ እየተጠራሩ ወጡ። ትንሿ እህቷ ጋ ሲደርሱ የእማማ ድምፅ ዝቅ አለ።

«ፒሪዬ፣ ፒሪዬ፣ ጫማሽን ሳታስሪ፣
ባቡር ወሰደሽ ወይ እናትሽን ሳትጠሪ።»

ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ። እማማ ላባቸውን ጠረጉ፤ አደራቸውን ተወጥተዋል። ታማር ግን በቤተልሄም ጆሮ የሆነ ነገር ተናገረች።

«እማዬ» አለች ቤተልሄም፣ «አንድ ሰው ቀረ ትላለች።»

«ማን?»

«አያቷ። አምና ነው ያረፈችው።»

እማማ ልጅቷ ከመጣች ጀምሮ ስለ ማዳም አንድም ቃል አልጠየቁም ነበር። ዕድሜዋን ማስላት አቅቷቸው አይደለም። እስካልጠየቁ ድረስ ማዳም የሆነ አገር፣ የሆነ ወጥ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላለች። ለሰፈሩ መርዶ ሁሉ ጎህ ሲቀድ የሚጠሩት ሴትዮ የራሳቸውን መርዶ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው መሃል እንደቆሙ ሰሙት።

ሴቶቹ ስንኝ ጠበቁ። እማማ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። ታማር ነገሩ ሲገባት ብድግ አለች፤ እጃቸውን ይዛ የሐዘንተኛው ቦታ፣ የራሷ ቦታ ላይ አስቀመጠቻቸው። አልቃሿ ሲያዝኑ ማን ያልቅስላቸው?

ከወንዶቹ በኩል መሸሻ ተነሳ። ቆርቆሮ ሲቆረጥ በሚሰማ ድምፁ ጀመረ።

«ማዳም ጊዜላ ሆይ፣ አገርሽ ሩቅ ነው፣
እኛ ግን ኮልፌ ላይ እናለቅስልሻለን።»

እማማ በእንባ የራሰ ፊታቸውን ቀና አደረጉ። «አንተ መሸሻ» አሉ እየተነፋረቁ፣ «ቤት እንኳ አይመታም!»

«ያስተካክሉታ፣ እማማ!» አለ እሱም እያለቀሰ።

አስተካከሉት።

«የቤትሽን ለቅሶ አደራ ሰጥተሽኝ፣
የራስሽን ሳትነግሪ ምነው ሄድሽ ጥለሽኝ።»

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። እማማ አየለችም እንደ ማንም ሐዘንተኛ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ፤ ሰውም ተራ በተራ እየተነሳ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አላቸው።